ከአቧራ ምርመራ እስከ ጋራ ደረጃ፦ የጥቃቅን ማስረጃ ሙያ ያለፈበት መንገድ

በወንጀል ምርመራ ሙያ ጥቃቅን ማስረጃ የሚባሉት ሰውና ሰው፣ ወይም ሰውና ቦታ ሲነካኩ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተላለፉ ነገሮች ናቸው፦ ፀጉር፣ ከልብስ የረገፈ ክር፣ የመስታወት ስብርባሪ፣ የመኪና ቀለም ቅርፊት፣ አፈር፣ ከተኩስና ከፈንጂ የሚቀር ብናኝ። ብዙዎቹ ያለ ማይክሮስኮፕ ምንነታቸው አይለይም። እንደ ጣት አሻራ ወይም እንደ ዲኤንኤ የአንድን ሰው ማንነት ነጥለው አያሳዩም፤ የሚያሳዩት ይህ ነገር ከዚያ ነገር ጋር መመሳሰሉን ብቻ ነው። የሙያው ፈተናም ከዚህ ይጀምራል። መመሳሰሉ ምን ያህል ይመዝናል? ለዚህ ጥያቄ በየአገሩ ያሉ ላቦራቶሪዎች የሚስማሙበት የጋራ ደረጃ ለማውጣት ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል፤ ሥራውም ገና አላለቀም። ባለሙያዎቹ ማየትን ቀድመው ተማሩ። ያዩትን በልኩ መናገርን የተማሩት ግን ዘግይተው፣ ያውም ንጹሐን ሰዎች ከታሰሩ በኋላ ነው።

ሐሳቡን በመጽሐፍ ካሰፈሩት ቀዳሚዎች አንዱ ኦስትሪያዊው የምርመራ ዳኛ ሐንስ ግሮስ ነው። ግሮስ በ1893 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለመርማሪዎች ባሳተመው መጽሐፍ፣ በልብስና በጫማ ላይ የሚገኝ አቧራና ጭቃ የሰውየውን ሥራና የዋለበትን ቦታ ሊጠቁም እንደሚችል አስረዳ። ለዚህም መርማሪው የኬሚስትና የማዕድን አዋቂ እርዳታ መጠየቅ እንዳለበት መከረ። ምክሩን በተግባር ካዋሉት ቀዳሚዎች መካከል የፍራንክፈርቱ ኬሚስት ጌኦርግ ፖፕ ይገኝበታል። በ1904 አንዲት ልብስ ሰፊ ታንቃ ተገድላ ስትገኝ፣ በቦታው ወድቆ የተገኘው የቆሸሸ መሐረብ ለፖፕ ተሰጠው። በመሐረቡ ላይ ከደረቀው ንፍጥ ውስጥ የድንጋይ ከሰል ብናኝ፣ ሱረትና ሆርንብሌንድ የተባለው ማዕድን ቅንጣቶች ወጡ። ተጠርጣሪው በጋዝ ማምረቻና በጠጠር ማውጫ ይሠራ የነበረ ሰው ነው፤ በጥፍሩ ሥር የተገኘው ቆሻሻም ከሰልና ማዕድን ነበረበት።

ከዚህ ይበልጥ አስተማሪው ፖፕ በ1908 የሠራው ነው። አንዲት ሴት ተገድላ የተጠረጠረው ገበሬ ጫማ ከግድያው ዋዜማ በሚስቱ ተጠርጎ ነበር፤ ስለዚህ በጫማው ላይ ያለው ጭቃ ሁሉ የዚያ ቀን ጭቃ ነው። ፖፕ ተረከዙ ላይ የደረቀውን ጭቃ እንደ አመጣጡ ንብርብር በንብርብር ለየው። ከሥር በተጠርጣሪው ደጅ ከሚገኘው ጋር የሚመሳሰል የዝይ ኩስ፣ በላዩ ሣር፣ ቀጥሎ አስከሬኑ ከተገኘበት ስፍራ ጋር የሚገጥም ቀይ የአሸዋ ድንጋይ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የሰውየው ሱሪና ጠመንጃ ተደብቀው በተገኙበት ፍርስራሽ ያለው ዓይነት የከሰል፣ የጡብና የሲሚንቶ ብናኝ አገኘ። ተጠርጣሪው በዚያ ቀን ስመላለስ የዋልኩት በራሴ እርሻ ነው ብሎ ነበር። የእርሻው አፈር ግን በጫማው ላይ ጨርሶ አልነበረም። ያልተገኘው ነገር የተገኘውን ያህል ተናገረ ማለት ነው። ፖፕ የከሳሽንና የተከሳሽን ታሪክ ጎን ለጎን አቁሞ፣ ጭቃው የቱን እንደሚደግፍ ጠየቀ። ይህ አሠራር ወደ መመሪያ ገብቶ የሙያው ግዴታ እስኪሆን ድረስ ግን መቶ ዓመት ገደማ አልፏል።

ፈረንሳይ ውስጥ ሕክምናንም ሕግንም የተማረው ኤድሞን ሎካር በ1910 በሊዮን ከተማ በፍርድ ቤቱ ሕንፃ ጣሪያ ሥር ባሉ ሁለት ክፍሎች የፖሊስ ላቦራቶሪ ከፈተ። ሐሰተኛ ሳንቲም በመሥራት የተጠረጠሩ ሰዎችን ልብስ አስመጥቶ አቧራውን ቢያራግፍ፣ ሳንቲሞቹ የተሠሩባቸው ብረቶች ብናኝ ወጣ። ወንጀል የሚፈጽም ሰው አንድ ነገር ጥሎ፣ አንድ ነገር ይዞ መሄዱ አይቀርም የሚለው የሎካር ሐሳብ ዛሬም የሙያው መሠረት ነው። ይሁን እንጂ ሐሳቡ የሚለው ማስረጃ ይኖራል ነው እንጂ፣ የተገኘው ማስረጃ ይህን ያህል ክብደት አለው አይደለም። ይህ ልዩነት ለረጅም ጊዜ ልብ አልተባለም።

በቀጣዮቹ ዐሥርት ዓመታት መሣሪያውና ዘዴው በረከተ። በ1951 የዙሪኩ ማክስ ፍራይ ዙልሰር ክርና ፀጉርን ከልብስ ላይ በፕላስተር ማንሳትን አስተዋወቀ። ፕላስተሩ ልብሱ ላይ ተጫን ተጫን ተደርጎ ይነሣና በንጹሕ መስታወት ወይም ፕላስቲክ ላይ ይለጠፋል፤ ያነሣው ሁሉ እዚያው እንደታሸገ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ዘዴው ቀላል በመሆኑ እስከ ዛሬ አገልግሎት ላይ ነው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ያስተምር የነበረው ፖል ከርክ በ1953 ባሳተመው መጽሐፍ ቁሳዊ ማስረጃ ራሱ እንደማይሳሳት፣ ዋጋውን የሚቀንሰው ፈልጎ የማያገኘው ወይም አገላብጦ የማይረዳው ሰው ብቻ መሆኑን ጻፈ። የሐሳቡ ሁለተኛ ክፍል እንደ መጀመሪያው ብዙ አልተጠቀሰም። ዕውቀቱ ከነባር ባለሙያ ወደ ጀማሪ በቃልና በልምድ የሚተላለፍ ስለነበር፣ ሁለት ላቦራቶሪዎች አንድን ክር መርምረው ስለ አንድ ነገር መናገራቸውን የሚያረጋግጥ መንገድ አልነበረም።

መለካት የተጀመረው በ1970ዎቹ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ፓውንድስና ስሞልደን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1975 ባወጧቸው ጥናቶች ልብስ ከልብስ ሲነካካ ስንት ክር እንደሚተላለፍና የተላለፈው ምን ያህል እንደሚቆይ ቆጠሩ። ልብሱ ከተለበሰ አብዛኛው ክር በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት ረግፎ እንደሚያልቅ አሳዩ። ውጤቱ ለፍርድ ቤት ትልቅ ነገር ነበረው፤ ብዙ ክር መገኘቱ ንክኪው የቅርብ ጊዜ መሆኑን ሲጠቁም፣ አለመገኘቱ ግን ንክኪ አልነበረም አያሰኝም። በዚያው ዐሥርት ዓመት፣ ከ1974 እስከ 1977፣ አሜሪካ ውስጥ በመንግሥት ገንዘብ የተካሄደ ፈተና ከ200 በላይ ለሆኑ ላቦራቶሪዎች ተመሳሳይ ናሙናዎችን እየላከ መልሳቸውን አነጻጸረ። በ1978 የወጣው ዘገባ ብዙዎችን አስደነገጠ፦ በአንዱ የቀለም ናሙና ፈተና ከግማሽ በላይ የሆኑት ላቦራቶሪዎች ተቀባይነት የሌለው መልስ ሰጥተው ነበር። ላቦራቶሪዎችን እየመረመረ የብቃት እውቅና የሚሰጥ ሥርዓት አሜሪካ ውስጥ በ1982 ሥራ የጀመረው ከዚህ ድንጋጤ ማግሥት ነው።

ያው ዓመት ለክር ምርመራ ትልቁ የፍርድ ቤት ድል የተመዘገበበትም ነው። ከ1979 እስከ 1981 አትላንታ ውስጥ ከሃያ በላይ ጥቁር ሕፃናትና ወጣቶች ተገድለው ተገኝተዋል። ከብዙዎቹ አስከሬን ላይ ቢጫ ያዘለ አረንጓዴ የናይለን ክር ተነሣ። ክሩ በአግድም ተቆርጦ ሲታይ ሁለት ረጃጅምና አንድ አጭር ክንፍ ያለው፣ ያልተለመደ ቅርጽ ነበረው። የጆርጂያ ግዛት ላቦራቶሪ ባለሙያው ላሪ ፒተርሰንና የኤፍ ቢ አይ ባልደረባው ሃሮልድ ዴድማን የክሩን ምንጭ ከፋብሪካ ፋብሪካ እየተከታተሉ ዌልማን ወደሚባለው ክር አምራች፣ ከዚያም ዌስት ፖይንት ፔፐሬል የተባለው ድርጅት በ1970 እና በ1971 ወደሠራው ምንጣፍ ደረሱ። ተጠርጣሪው ዌይን ዊሊያምስ በሚኖርበት ቤት የተነጠፈውም እንዲህ ያለው ምንጣፍ ነበር። ዊሊያምስ በየካቲት 1982 በሁለት ጎልማሶች ግድያ ጥፋተኛ ተብሎ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት።

በክትትሉ ውስጥ ያለው ትጋት እስካሁን በማስተማሪያነት ያገለግላል። ዐቃቤ ሕግ ያቀረበው ስሌት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ምንጣፉ ከአትላንታ ቤቶች ከ7,792 በአንዱ ብቻ ሊገኝ እንደሚችል ለዳኝነት ለተቀመጡት ሰዎች ተነገራቸው። ቁጥሩ የተገኘው ምንጣፉ በዐሥር የደቡብ ምሥራቅ ግዛቶች እኩል ተሸጧል ከሚል ግምት ተነሥቶ ነው፤ ግምቱን በቆጠራ ያረጋገጠ አልነበረም። ችሎት ውስጥ የተነገረ ቁጥር የልኬት ያህል ይታመናል። ከየት እንደመጣ የሚመዘንበት የጋራ ደንብ ደግሞ በወቅቱ በሙያው ውስጥ አልነበረም።

እንግሊዝ ውስጥ ውድቀቱ ከባድ ሆነ። በኅዳር 1974 በርሚንግሃም ውስጥ በሁለት መጠጥ ቤቶች ቦምብ ፈንድቶ 21 ሰዎች ሞቱ። የተያዙት የአየርላንድ ተወላጆች እጅ ግሪስ በሚባለው የኬሚካል ፈተና ሲመረመር፣ የተወሰኑት ላይ የናይትሮግሊሰሪን ምልክት ታየ ተባለ፤ የመንግሥቱ ኬሚስትም ሰዎቹ ፈንጂ መንካታቸውን ከሞላ ጎደል እርግጠኛ ሆኖ መሰከረ። ፈተናው ግን ናይትሮሴሉሎስ ለተባለው፣ በቀለምና በመጫወቻ ካርታ ማስዋቢያ ለሚገኘው ነገር ጭምር ምልክት ሊያሳይ ይችል ነበር፤ ሰዎቹም በባቡር ላይ ካርታ ሲጫወቱ ነበር የመጡት። የተያዙት ስድስቱ ሰዎች በፖሊስ ጣቢያ ሰጡ ከተባለው የእምነት ቃል ጋር በዚህ ምስክርነት ተፈርዶባቸው እስከ መጋቢት 1991 ታሰሩ። በዚያው ዓመት የሌሎች ሰባት ሰዎች ፍርድም ተሻረ፤ አንዱ ሲያዝ የ13 ዓመት ልጅ ነበር። እነዚህ በእጃቸውና በጓንታቸው ላይ ፈንጂ ተገኘ ተብለው የተፈረደባቸው ናቸው። ብናኙ በጋራ ከተጠቀሙበት ፎጣ ሳያውቁ ሊደርስባቸው ይችል እንደነበር የታየው በኋላ ነው። በ1996 ደግሞ የመንግሥቱ የፈንጂ ላቦራቶሪ ራሱ ይጠቀምበት የነበረው ሴንትሪፊውጅ በአርዲኤክስ ፈንጂ ተበክሎ ተገኘና ፕሮፌሰር ብራያን ካዲ ያለፉትን መዝገቦች እንዲመረምሩ ተሾሙ።

ከነዚህ ጉዳዮች ሁለት ነገር በግልጽ ወጣ። አንደኛው የንጽሕና ሥርዓት ነው፦ ከናሙናው ጋር ምንም ያልነካው ባዶ ጥጥ አብሮ ካልተመረመረ፣ የተገኘው ብናኝ ከተጠርጣሪው ይሁን ከጠረጴዛው አይታወቅም። ሁለተኛው ደግሞ ቅንጣቷ የተገኘችበት ነገር በተራው ሰው ሕይወት ውስጥ ምን ያህል የተለመደ እንደሆነ ሳይታወቅ ስለ ወንጀል መናገር እንደማይቻል ነው።

የጋራ ደረጃ የሚያወጡ ማኅበራት የተበራከቱት በ1990ዎቹ ነው። በ1993 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳውበርት በሚባለው ውሳኔው፣ ዳኞች የባለሙያን ምስክርነት ከመቀበላቸው በፊት ዘዴው ተፈትኖ እንደሆነ፣ የስህተት መጠኑ ታውቆ እንደሆነና ደረጃ ወጥቶለት እንደሆነ እንዲመረምሩ አዘዘ። በዚያው ዓመት አውሮፓ ውስጥ የክር ባለሙያዎች ቡድን ተመሠረተ፤ በ1995 ደግሞ የአውሮፓ የፎረንሲክ ላቦራቶሪዎችን የሚያስተሳስረው ኤንፍሲ ተቋቋመ። ኤፍ ቢ አይ የሚደግፈው የቁሳቁስ ትንተና የሥራ ቡድን ስለ ክር፣ ስለ ቀለም፣ ስለ ፀጉርና ስለ መስታወት መመሪያዎች አዘጋጀ፤ የክሩ መመሪያ በ1999 ወጣ። ኤ ኤስ ቲ ኤም የተባለው ደረጃ አውጪ ድርጅትም ለቀለም ምርመራና ለተኩስ ቅሪት የመጀመሪያዎቹን ሰነዶች በ1994 አሳትሟል።

የነዚህ ሰነዶች ይዘት ላይ ላዩን ሲታይ ተራ ነገር ይመስላል። የተጠርጣሪና የተጎጂ ልብስ በአንድ ክፍል አይከፈትም፤ በጠረጴዛው ላይ የሚነጠፈው ወረቀት ለእያንዳንዱ ልብስ ይቀየራል፤ ክሩ በመጀመሪያ በዐይን፣ ቀጥሎ በማነጻጸሪያ ማይክሮስኮፕ፣ ከዚያ የቀለሙ ብርሃን አዋዋጥ በሚለካ መሣሪያ፣ በመጨረሻም ኬሚካላዊ ምንነቱ በኢንፍራሬድ ይታያል፤ አንዱ ደረጃ ላይ ልዩነት ከታየ ምርመራው እዚያው ይቆማል። በርሚንግሃምን ለሚያስታውስ ግን እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ዋጋ ተከፍሎበታል።

ከሁሉም በላይ በቁጥር የተደገፈው ደረጃ የመስታወት ነው። በቀድሞው ዘዴ ስብርባሪው በዘይት ውስጥ ተነክሮ በማይክሮስኮፕ ሥር ይሞቃል። ዘይቱ ሲሞቅ ብርሃን የሚሰብርበት መጠን እየቀነሰ ይሄድና ከመስታወቱ ጋር እኩል የሆነበት ቅጽበት ላይ የስብርባሪው ጠርዝ ከዐይን ይጠፋል። ያ የሙቀት መጠን የመስታወቱን ልኬት ይሰጣል። የፋብሪካዎች አሠራር እየተመሳሰለ ሲሄድ ግን ይህ ልኬት ብቻውን አልበቃም። በተለያዩ አገሮች ያሉ ላቦራቶሪዎች አንድ ዓይነት ናሙናዎችን እየተቀባበሉ ስብርባሪውን በሌዘር አትንኖ በውስጡ ያሉትን ንጥረ ነገሮች መቁጠርን ፈተሹ፤ ከዚህ ሥራ የተወለደው የኤ ኤስ ቲ ኤም ደረጃ በ2013 ወጣ። ደረጃው ሁለት ስብርባሪዎች አይለያዩም ለማለት የሚፈቀደውን ወሰን ሳይቀር ይደነግጋል፦ ከታወቀው ናሙና አማካይ ልኬት በአራት መደበኛ ልዩነት ውስጥ፣ መደበኛ ልዩነቱም ከአማካዩ 3 በመቶ በታች ሳይያዝ። መርማሪው እንደ ስሜቱ የሚወስነው ነገር እዚህ ላይ በጣም ጠቧል።

የመኪና ቀለም ደግሞ በትብብር ያደገ ነው። የካናዳ ፌዴራል ፖሊስ ያቋቋመው ፒ ዲ ኪው የተባለው የመረጃ ቋት የየፋብሪካውን ቀለም ንብርብሮች ኬሚካላዊ ቅንብር ይዟል። ገጭቶ ያመለጠ መኪና ከጣለው ቅርፊት ተነሥቶ የመኪናውን ሥሪትና ዘመን ለመገመት ያገለግላል። ቋቱን የሚጠቀሙ ላቦራቶሪዎች በዓመት 60 አዳዲስ ናሙና እንዲያዋጡ ይጠበቅባቸዋል።

የንግግር ልክ ጉዳይ በግልጽ ሕግ የሆነው በተኩስ ቅሪት ላይ ነው። በሚያዝያ 1999 የቢቢሲ አቅራቢዋ ጂል ዳንዶ ለንደን ውስጥ በደጇ ተገደለች። ከአንድ ዓመት በኋላ ከአንድ ሰው ካፖርት የውስጥ ኪስ ውስጥ አንዲት የተኩስ ቅሪት ቅንጣት ተገኘች፤ ሰውየው በ2001 ተፈረደበት። እንግሊዝ ውስጥ ኢያን ኤቬትና ባልደረቦቹ በ1998 ባሳተሟቸው ጽሑፎች፣ ባለሙያ ማስረጃን የሚመዝነው ሁለት ተቃራኒ ታሪኮችን አቁሞ በእያንዳንዱ ሥር ይህን ግኝት የማግኘት ዕድሉ ስንት ነው ብሎ በመጠየቅ መሆን እንዳለበት አስረድተው ነበር፤ ፖፕ በጫማው ጭቃ ያደረገው ማለት ነው። ቅንጣቷ በዚህ መንገድ እንደገና ስትመዘን፣ ሰውየው ተኳሽ ቢሆን አንዲት ቅንጣት የመገኘት ዕድሏ ከመቶ አንድ፣ ባይሆንም ከመቶ አንድ ሆነ። ለየትኛውም ወገን አትመሰክርም። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በኅዳር 2007 ፍርዱን ሻረ፤ ሰውየውም በነሐሴ 2008 በድጋሚ ችሎት ነጻ ወጣ። ላቦራቶሪው በ2001 ቅንጣቷን አልሳተም፤ የተሳሳተው ክብደቷ ላይ ነው።

ፀጉር ላይ የደረሰው ግን በስፋቱ የሚተካከለው የለም። ሁለት ፀጉሮች በማይክሮስኮፕ መመሳሰላቸው ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ የሚያሳይ አስተማማኝ ቆጠራ ኖሮ አያውቅም። በ2002 የታተመ ጥናት በማይክሮስኮፕ ይመሳሰላሉ ከተባሉ 80 ፀጉሮች ውስጥ 9ኙ በሚቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ሲታዩ ከሌላ ሰው መሆናቸውን አሳየ። በዋሽንግተን በፀጉር ምስክርነት የተፈረደባቸው ሦስት ሰዎች በዲኤንኤ ነጻ ከወጡ በኋላ፣ ኤፍ ቢ አይ የቆዩ መዝገቦቹን ከውጭ ተቋማት ጋር መገምገም ጀመረ። ከሦስቱ በአንደኛው መዝገብ የተከሳሹ ነው ከተባለው ፀጉር አንዱ የውሻ ሆኖ ተገኝቷል። በሚያዝያ 2015 የወጣው ውጤት እንዳሳየው ተከሳሽን ለመወንጀል ምስክርነት ከተሰጠባቸው 268 ችሎቶች በ257ቱ፣ ማለትም 96 በመቶ በሚሆኑት፣ ሳይንስ ከሚፈቅደው ያለፈ ቃል ተነግሮ ነበር። ከ28 መርማሪዎች 26ቱ ይህን አድርገዋል። ይህን ያህል ሰው አንድ ዓይነት ስህተት ከሠራ ጉድለቱ የግለሰብ አይደለም፤ የሚከለክል ደረጃ አለመኖሩ ነው።

የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት በ2009 ባወጣው ዘገባ ላቦራቶሪዎች ከፖሊስ ተጽዕኖ እንዲላቀቁ፣ ዘዴዎች እንዲፈተኑ፣ የዘገባ አጻጻፍም ወጥ እንዲሆን ጠይቆ ነበር። በ2014 የአገሪቱ የልኬትና ደረጃ ተቋም ኦሳክ የተባለውን ድርጅት አቋቋመ፤ የጥቃቅን ማስረጃ ንዑስ ኮሚቴው የቀድሞውን የሥራ ቡድን መመሪያዎች ወርሶ፣ እየከለሰ በይፋዊ የደረጃ አውጪ ድርጅቶች በኩል እንዲያልፉ ያደርጋል። ባለሙያ ምርመራው ስህተት አያውቀውም ወይም ምንጩ ይህ ብቻ ነው እንዳይል የፍትሕ ሚኒስቴሩ ከ2018 ጀምሮ ለየዘርፉ የምስክርነት ቃል ገደብ አወጣ። የሚያሳዝነው፣ ደረጃው ሲሻሻል ሙያው መመናመኑ ነው፤ ዲኤንኤ የላቦራቶሪዎችን በጀትና ሰው በመሳቡ፣ ክርና መስታወት የሚመረምሩ ክፍሎች በየቦታው እየጠበቡ ወይም እየተዘጉ መጥተዋል።

እንግሊዝ ውስጥ የመንግሥቱ ፎረንሲክ አገልግሎት በ2012 ተዘግቶ ሥራው ለግል ድርጅቶችና ለፖሊስ ተከፋፈለ፤ በ2021 በወጣ ሕግ የፎረንሲክ ሳይንስ ተቆጣጣሪው ሥልጣን ተሰጠው፤ የሥነ ምግባርና የአሠራር ደንቡም ከጥቅምት 2 ቀን 2023 ጀምሮ የሕግ ኃይል አገኘ። በዓለም ደረጃ ላቦራቶሪዎች ለረጅም ጊዜ የሚመዘኑት ለማንኛውም ዓይነት ላቦራቶሪ በወጣው አይኤስኦ 17025 ነበር። በ2012 የተቋቋመው የአይኤስኦ ኮሚቴ ለፎረንሲክ ብቻ የሚሆን 21043 የተባለ ተከታታይ ደረጃ ማዘጋጀት ያዘ። የማስረጃ አሰባሰብና አያያዝ ክፍሉ በ2018 ሲወጣ፣ ትንተናን፣ ትርጓሜንና ዘገባን የሚመለከቱት ክፍሎች እስከ 2025 ቆይተዋል። የትርጓሜው ክፍል ግኝቱ ቢያንስ በሁለት ተፎካካሪ ታሪኮች ሥር እንዲመዘን ይጠይቃል፤ ክር በመኪና ወንበር ላይ ምን ያህል እንደሚገኝ፣ መስታወት ከሰበረ ሰው ልብስ ላይ ምን ያህል ስብርባሪ እንደሚቆይ የሚያሳዩትን ቆጠራዎች የማቅረብ ሥራ ግን አሁንም የየአገሩ ላቦራቶሪዎች ነው።